የተተወው ዳር

ሰቆጣ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ገብረ ጻድቅ፣
ሰሃላ

መስቀልዎን ከዚሁ ሆኜ ተሳልሜያለሁ። እንዴት ሰነበቱ? ባለቤትዎ ይታየሽስ እንዴት ናት? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደመና ባየ ቁጥር ያመኝ ነበር፤ ዘንድሮ ደመናው ጥቂት ስለሆነ ጉልበቴ ጤና አግኝቷል።

ደብዳቤዎን ቅጣው ከበቅሎው ሳይወርድ ሰጠኝ። እናንተ ጋ የስልክ መስመር እስኪገባ ድረስ ይህን ሰውና በቅሎውን እግዜር ያቆይልን። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ለማወቅ፣ አንዱን ለማመን። «ሰቆጣ ሰው ሰምቷል ወይ?» ላሉኝ፣ ማንም አልሰማም። እኔ ለማን እነግራለሁ? አፌን ያውቁታል።

ሁለት ዓመት ዘርተው ገለባ ያፈሰ ሰው ከመስቀል በኋላ መተማ ወርጄ የሰው ሰሊጥ ልጨድ ቢል አልፈርድበትም። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳኝ። ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። የእናንተ ኪዳነ ምሕረት ያላት ልክ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ነው። እርስዎ ከወረዱ ታቦቷ ቅዳሴ ሳትሰማ ልትከርም ነው። ይህን እርስዎ አላሰቡትም ማለቴ አይደለም። አስበውት ስለሆነ ነው ደብዳቤዎ ያጠረው።

አሁን የምነግርዎትን አይሳቁብኝ። ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ፣ ቅጠል ላይ ተረጭቶ ሰብልን ድርቅ ስለሚያስችል ነገር ግማሽ ወሬ አነበብኩ። ሌላው ግማሽ የሌላ ሰው ስኳር ይዞ ሄዷል። የቀረውን ፍለጋ የግብርና ባለሙያውን ቢምረውን ጠየቅኩት። ደግ ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጥቶ አስረዳኝ። ከባሕር አረም የሚሠራ አለ፤ እሱ ሩቅ ነው። ሞሪንጋ ከሚሉት ከሽፈራው ዛፍ ቅጠል የሚሠራው ግን እናንተ ደጅ ነው ያለው። ለጋ ቅጠሉን በትንሽ ውሃ ይወቅጡታል፣ በነጠላ ጨርቅ ይጨምቁታል፣ አንድ ስኒ ጭማቂ በሠላሳ ስኒ ውሃ ያቀጥኑታል። ቅጠሉ ላይ እንዲይዝ የፈሳሽ ሳሙና ጠብታ ይጨምራሉ። ከዚያ ማለዳ ይረጩታል።

ከላይኛው እርከን ማሽላዎ ላይ ይሞክሩት። በዳር በኩል ያለችውን ቁራጭ ግን ሳይረጩ ይተዉ። ቢምረው ማነጻጸሪያ ይላታል። ውላችን ይህ ይሁን፦ ለፍልሰታ ፍቺ የተረጨው ከተተወው ካልበለጠ ይሂዱ፤ ስንቁን እኔ አሰናዳለሁ። ከበለጠ ይቀመጣሉ።

እህትዎ ሰገነት

ሰሃላ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህት ዓለሜ ለሰገነት፣

ሰላምሽ ይብዛ። ውሉን ተቀብያለሁ። «ይታየሽ ምን አለች?» ካልሽኝ፣ «እህትህ ካለች ይሁን፤ እሷ በዓመት አንዴ ነው የምትናገረው» አለች።

ሽፈራውን ወቅጠን ጨመቅነው። መርጫ ስለሌለኝ የወይራ ቅጠል አሰርኩና በባልዲው እየነከርኩ ማሽላው ላይ ረጨሁ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ። ጥምጥሜ ራሴ ላይ ነው፣ በእጄ የወይራ እስር ይዣለሁ፣ በማለዳ ከፊት ከኋላ እረጫለሁ። የሚያይ ሰው ምን ይበል? ፀሐይዋ ሳትሞቅ ግማሹ መንደር ጠርሙስ ይዞ እርከኑ ሥር ቆመ።

«አባ፣ ለእኛስ ማሳ አይደርሰውም?»

«ጸበል አይደለም ልጆቼ፣ የሽፈራው ቅጠል ነው።»

«እና የሽፈራውን ቅጠል ማን ፈጠረው?» አሉኝ እማሆይ ወለተ ገብርኤል። ጎጇቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ያለች፣ ያረጁ መነኩሲት ናቸው። ክርክር ሲይዙ አማርኛውን ትተው ወደ አገራችን ቋንቋ ወደ ኽምጣና ይገባሉ፤ ያኔ የሚረታቸው የለም።

አንድ ሰው ለሆድ ቁርጠት ብሎ ጎንጨት አደረገው። ሳሙናውን ጨምረን ነበርና እስከ ቤቱ አረፋ እየተፋ ሄደ። ይታየሽ ከዚያ ወዲህ መሳቅ አላቆመችም። «ነፍስም ልብስም የሚያጥብ ጸበል ዛሬ አየሁ» ትላለች።

ያልሻትን ዳር ትቻታለሁ። እማሆይ አዩኝና «ይቺ ምን አጠፋች?» አሉ።

«ምንም። ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ነው።»

«እግዜር ሲያዘንብ ይቺን ልዝለላት ይላል?»

ስለ ማነጻጸር ያወቅኩትን ሁሉ አስረዳኋቸው፤ የማውቀው ግን ያንቺን ደብዳቤ ያህል ነው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ዝናቡ ካለፈው ሳምንት ወዲህ የለም።

ወንድምሽ ገብረ ጻድቅ

ሰቆጣ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ገብረ ጻድቅ፣

ብቻዬን ስስቅ ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ «ምን ተገኘ?» አለችኝ። «ደብዳቤ» ብዬ ገባሁ። እስከ አሁን ከአዲስ አበባ ባል የመጣልኝ ይመስላታል፤ ይምሰላት።

ቅጣው በዕቃ መሃል ጠቅልሎ የሚያመጣልዎ ጠርሙስ የጸጉር ቤት ውሃ መርጫ ነው። አዲስ ነው። የሰው መርጫ እንዳይዋሱ፤ የአረም ኬሚካል የነካው ከሆነ ትራፊው ማሽላውን ያቃጥለዋል። ጥምጥምዎንም ቤት ትተው ይውጡ።

«የማሽላውን ጥማት ይቆርጣል ወይ?» ብለው በቅጣው በኩል ለጠየቁኝ፣ አይቆርጥም። ቢምረው ይህን ደጋግሞ ነግሮኛል። ዝናብን አይተካም። ተክሉ ደረቅ ቀን ሲመጣበት እንዲታገሥ፣ ቅጠሉ ቶሎ እንዳይገረጣ፣ ሥሩም ወደ ታች እንዲፈልግ ያበረታዋል። ለዚህም ነው ከመጠውለጉ በፊት የሚረጨው። ከጠወለገ በኋላ ቢረጩት የሞተን ሰው ምግብ ብላ እንደማለት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙት፤ ያደረ ጭማቂ አይጠቀሙ፣ ይኮመጥጣል።

በፍልሰታ ጾም መቼ ልርጭ ብለው እኔን መጠየቅዎም ደስ አለኝ፤ ቄሱ ማን ነው? ግን ስለጠየቁኝ እመልሳለሁ። ከኪዳን ጸሎት መልስ ቢረጩ ፀሐዩም ገና ለስላሳ ነው፣ ጾሙም አይጎዳም።

ዳሯን አደራ።

ሰገነት

ሰሃላ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰገነት፣

እንኳን ለፍልሰታ ፍቺ አደረሰሽ።

ያልሽውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ዝናቡ እንደቆመ ነው። ትናንት ከቅዳሴ መልስ ይታየሽን ይዤ ላይኛው እርከን ወጣሁ። የተረጨው ቆሟል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ያልተረጨችው ዳርም ቆማለች፤ ቅጠሏ አረንጓዴ ነው። ከዚህ ሄጄ ከዚያ፣ ከዚያ መጥቼ ከዚህ አየሁ። ልዩነት የለም።

«የሌላው ሰው ማሳ እንዴት ነው?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ገርጥቷል። ይታየሽ በዚህ ተከራከረችኝ። ግን የላይኛው እርከን አፈር ድሮም ከሰው ይሻላል፤ አባታችንም ያውቀው ነበር። ዳሯን የተውነው ለዚሁ አይደል? አፈሩ አንድ፣ ዘሩ አንድ፣ የዘራንበት ቀን አንድ። ልዩነቱ ሽፈራው ብቻ ነው፤ ሽፈራውም ምንም አልጨመረም። አፈሩ ደግሞ ብቻውን እስከ መቼ ይይዘዋል? ባለፉት ዓመታት እስከዚህ አድርሶ ነው የጣለኝ።

ውል ውል ነው። ከመስቀል በኋላ እሄዳለሁ። ለምእመናኑም ትናንትና ነገርኳቸው። ሁልጊዜ የሚመልሱልኝ እማሆይ እንኳ መሬት መሬት ሲያዩ ነበር።

ስላንቺ ድካም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳቁ ብቻውን ዋጋ ነበረው።

ገብረ ጻድቅ

ሰቆጣ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ገብረ ጻድቅ፣

እዚህ ላይ ቅስናዎን ለአፍታ ያስቀምጡልኝና አንተ ልበልህ። ገብሬ፣ አንተ ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ። እናታችን «ጨዋታ ከተሸነፍክ እራት አትበላም» ብላ ስትቀልድ፣ ተሸንፈህ እውነትም ሳትበላ ተኛህ። ያን ጊዜም አልቅሼልሃለሁ። ውል ያልኩት እንድትቀመጥ ነው እንጂ እንድትሄድ ነው?

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ።

ቢምረው ዘንድ ሄድኩ። አላስዋበልኝም። «አንዳንዴ አይሠራም፣ እማማ። ቅጠሉ ያረጀ ሊሆን ይችላል፣ ልኩ ሊበዛ ሊያንስ ይችላል፣ ማሽላው ራሱ ብርቱ ሊሆን ይችላል» አለኝ። ይሠራል ያለውን ነገር አይሠራም ብሎ የሚነግር ሰው ስለሆነ አመንኩት።

የስንቅዎን በሶ ፈጭቻለሁ። ከጓዳዬ በር ጀርባ በከረጢት ቆሟል፤ ሳልፍ ሳገድም እንዳላየ አልፈዋለሁ። በሚቀጥለው ጉዞ ቅጣው ይጭነዋል።

«ይታየሽን አጽናኛት» ብለው በቅጣው የላኩብኝን አደርጋለሁ። እኔን ማን እንደሚያጽናናኝ ግን አልጻፉም።

ሰገነት

ሰሃላ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህት ዓለሜ ለሰገነት፣

በሶውን አትላኪ። አልሄድም።

ይህን የምጽፈው ልብሴ ርሶ ነው። ዛሬ ሩፋኤል ነው፤ ሰማዩም አላሳፈረንም። ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ዝናቡን በራሱ ተቀበለ። ልጁም ሽማግሌውም ዘለለ። ይታየሽ እኔን በቀሚሴ ጎትታ አወጣችኝ፣ «ቄስም ይርሳል» ብላ።

ዝናቡ ስለመጣ የተቀመጥኩ እንዳይመስልሽ። ደብዳቤውን በላክሁልሽ በማግስቱ፣ ገና ሰማዩ እንደ ምጣድ ሳለ ነው የቆረጥኩት። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ሽፈራው እንደሠራ አውቄያለሁ፤ እንዴት እንዳወቅኩ ግን አልናገርም። ንስሐ አባት የሰማውን ሁሉ አይጽፍም። ለይታየሽም አልነገርኳትም። እሷም «ትናንት ስንቅ ቋጥሪ፣ ዛሬ ስንቅ ፍቺ፤ ለነገ ምን ላዘጋጅ?» እያለች ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ ታሳየኛለች፤ እንደ ታመመ ሰው።

ለምእመናኑ «እቀመጣለሁ» ስላቸው እልል አሉ። «ለምን?» ብሎ የጠየቀ የለም። አንቺ ግን ትጠይቂያለሽ። ታገሺኝ።

ሽፈራውን እንደገና ረጭቻለሁ፤ ማሽላው ሊያሽት ነው።

ገብረ ጻድቅ

ሰቆጣ፣ መስከረም 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ገብረ ጻድቅ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ።

ደብዳቤዎን ቆሜ ጀመርኩት፤ «አልሄድም» የሚለው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ ቤቱን ጠረግኩ። የተጠረገ ቤት ነበር።

ምክንያቱን አልጠይቅም። መገመት ግን አልተከለከልኩም። ይታየሽ አርግዛ ነው እንዳልል፣ የልጅ ልጅ አላት። ሊሾሙ ነው እንዳልል፣ ለጵጵስና ሚስትዎ እንቅፋት ናት። መተማ ያለው ሰሊጥ ራሱ «አይምጡብኝ» ብሎ ልኮ እንደሆነ እንጃ። እዚህ ላይ ደከመኝና ተውኩት።

ከንስሐ ጋር የተያያዘ ከሆነ ከእርስዎ ጋር መቃብር ይውረድ፤ አልቆጣም። ሽፈራው ሠራ ካሉ ሠራ። ለቢምረው ግን ምን ልበለው? «ሠርቷል» ስለው «በምን ታወቀ?» አለኝ። «ቄሱ ያውቃል» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ።

በሶውን እየበላሁት ነው። ለመተማ ስላልሆነ ይጣፍጣል።

ሰገነት

ሰሃላ፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህት ዓለሜ ለሰገነት፣

አሁን መናገር ተፈቅዶልኛል፤ የነገሩ ባለቤት ራሳቸው ተናግረዋልና።

ደመራው ከነደደ በኋላ በማኅበር ተቀምጠን ስንበላ፣ ሰሞኑን እዚህ የሰነበተው ቅጣው ነገር ጀመረኝ።

«አባ፣ የመተማ መንገድ ጠፋዎ? በቅሎዬ ታሳይዎ ነበር።»

ሰው ሳቀ። እኔ ጠላዬን ተጎነጨሁ። ይታየሽ «ጠይቀው፣ ለአንተ ይነግርህ እንደሆን» አለችው።

ይሄኔ እማሆይ ወለተ ገብርኤል በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «መጀመሪያ የከፈትኩትም እኔው ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺን ዳር መተዋችን አንጀታቸውን በላው። ማለዳ ማለዳ፣ ከኪዳን ጸሎት በፊት፣ ሰው ሳያያቸው፣ ከምንጩ በትንሽ ጀሪካን ውሃ ይዘው በእርከኑ ያልፋሉ። የተተወችውን ዳር ሥር ሥሯን ያጠጧታል። ዝናቡ ከቆመ ጀምሮ፣ ጾሙን ሙሉ፣ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ።

«አባ ለዚያኛው መድኃኒት ሲሰጡ፣ ይቺ ቆማ ታይ ነበር» አሉ።

«ማሽላ ያያል እንዴ፣ እማሆይ?» አለ ቅጣው።

«አንተ ለአንዷ በቅሎ ገብስ ስትሰጥ ሌላዋ አታይም?»

«በቅሎ ዓይን አላት።»

«እና ማሽላ ራስ የለውም? ራስ ያለው ዓይን አያጣም።»

ቅጣው እጁን አነሣ።

«ደግሞ» አሉ እማሆይ፣ ድምፃቸው ትንሽ ወርዶ፣ «ማሳቸው ሁሉ ካማረ አባ ይቀመጣሉ ብዬ ነበር። ሁለቱ እኩል ስለሆነ እሄዳለሁ ሲሉ ምድር ዋጠችኝ።»

ያን ደብዳቤ በላክሁልሽ ማግስት ወደ እኔ መጥተው የነገሩኝ ምን እንደነበረ ዛሬም አልጽፍልሽም። በመስቀል የተናገሩትን ግን አገር ሰምቷል፤ እኔም ደገምኩት።

እንግዲህ አስቢው። ያቺ ዳር እኩል የቆመችው በየማለዳው ከምንጭ በተሸከሙላት ውሃ ነው። የተረጨው ግን ሥሩ ጠብታ ውሃ ሳያገኝ እኩል ቆመላት። ሽፈራው ምንም አልጨመረም ብዬ ልሄድ ስነሣ፣ ማነጻጸሪያው ካሰብነው በላይ ነግሮኝ ነበር። ዳሯን ያለ እማሆይ ብንተዋት ኖሮ ገርጥታ ታሳየኝ ነበር። ይህን አውቄ ከማን ጋር ልሳቅ? ባለፉት ሳምንታት ሳቄን ብቻዬን ይዤ ማሽላው ውስጥ እየገባሁ ስስቅ ይታየሽ በእውነት ታምሟል ብላ ፈርታ ነበር።

ለከርሞ ሁሉም ሽፈራው ሊረጭ ተስማምቷል። ዳር የሚተው ግን ጠፋ፤ ሁሉም «የእኔን አትተዉ» አለ። እማሆይ ናቸው የፈቱት።

«የእኔን ጓሮ ተዉት። አስጾመዋለሁ።»

«ከውሃም?» አልኳቸው።

«ከውሃም። ሰው ይጾም የለ?»

«እርስዎን ማን ይጠብቅዎታል?» አለ ቅጣው። ጀሪካኑን ይታየሽ ተረከበቻቸው፤ ክረምቱን እኛ ቤት ያድራል።

ገብረ ጻድቅ

ሰቆጣ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ገብረ ጻድቅ፣

ማሽላው ታጭዶ መወቃቱን ሰምቼ እግዜርን አመሰገንኩ። ጎተራው እስከ አፉ አልሞላም፣ ግን እስከ ክረምት ያደርሰናል ብለዋል። ለእኔ ይህ ሙሉ ነው።

የእማሆይን ነገር ለቢምረው አነበብኩለት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደገና እንዳነብለት ለመነኝ። «ለከርሞ ሦስት መደብ ይሁን» አለኝ። «አንዱ የሚረጭ፣ አንዱ የሚተው፣ አንዱ እማሆይ የሚያጠጡት። በዚህ ዓይነት እሳቸውም አይከፋቸውም፣ እኛም እናውቃለን።» ለእማሆይ ይንገሩልኝ፤ ጾሙ ተፈትቶላቸዋል፣ ጀሪካናቸውም ይመለስላቸው።

«እስከ መቼ በወረቀት?» ላሉኝ መልስ አለኝ። ቅስና ከተቀበሉ ጀምሮ ሲቀድሱ ሰምቼዎ አላውቅም። መንገዱ ሩቅ ነው እል ነበር፤ ጉልበቴን አመካኝ ነበር። መተማ ቢወርዱ ኖሮ ሳልሰማዎ ልቀር እንደነበር ሳስብ ጉልበቴ አፈረ። እኔ የማውቀው ከአባታችን ማሳ ላይ ወፍ ሲያባርሩ የነበረውን ድምፅዎን ነው። ለኅዳር ኪዳነ ምሕረት በሴቶች በኩል ቆሜ ሌላውን መስማት አለብኝ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አይጻፉ። ቅጣው ይዞት ሲደርስ እኔም ከበቅሎው ኋላ ነኝ። ታዲያ ለምን ጻፍሽ ቢሉኝ፣ ያውቁኛል፤ በር ላይ ቆሜ የምለው ይጠፋኛል። ደስ እንዳለኝ፣ በጣም ደስ እንዳለኝ፣ አፌ ስለማይነግርዎ እጄ ቀድሞ ይንገርዎ ብዬ ነው።

እንግዲህ አንብበው ከጨረሱ ቀና ይበሉ።

ሰገነት